ብዥታ፦ ከጉድለት ወደ ጌጥ

ለመሆኑ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ የሰው ዐይን ጥርት ብሎ እየታየ፣ ከጀርባው ያለው ዛፍና ግድግዳ እንደ ጉም ብዥ ሲል ለምን ያምረናል? ዛሬ ዲጂታል ካሜራ ሊገዛ የሚነሳ ብዙ ሰው ይህን መልክ ይሻል፤ ሻጩ ግን የሚቆጥርለት ሜጋፒክስል ነው። በበኩሌ ገዢን ከከንቱ ወጪ የሚያድነው የሻጭ ምክር ሳይሆን የዚህ ብዥታ ታሪክ ነው እላለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዥታው የተወለደው ከችግር ነው። በ1839 የፈረንሳዊው ዳጌር ፈጠራ ፓሪስ ላይ ይፋ ሲሆን ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ጠባብ ስለነበረ አንድ ምስል ደቂቃዎችን ይፈጅ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው ከየት ይገኛል? በ1840 የሒሳብ ሊቁ ዮሴፍ ፔትስቫል ቪየና ላይ ቀዳዳው 3.6 የሆነ ሌንስ ቀመረ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ሰፊ ነው። የመቀመጫው ጊዜ ከደቂቃ በታች ወረደ፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠባልና ፊት ሲጠራ ጀርባው ደበዘዘ።

ይህን ጉድለት ውበት ያደረገችው እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በ1863 መገባደጃ፣ በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ ካሜራ ሰጧት። የሥነ ፈለክ ሊቁን ጆን ኸርሼልን በ1867 ስታነሳ ፊቱን ከጨለማ ውስጥ አወጣችው። የሙያው ሰዎች ማጥራት አታውቅም ብለው ነቀፏት፤ እሷ ግን ከመንገዷ አልተመለሰችም። በ1932 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንሰል አዳምስ፣ ኤድዋርድ ዌስተንና ባልንጀሮቻቸው በጠባቡ ቀዳዳ በ64 ስም ማኅበር መሥርተው፣ ሁሉም ነገር ጥርት ይበል አሉ።

ዲጂታል ዘመን ሲመጣ ይህ ምርጫ ከብዙ ሰው እጅ ወጣ። ከ1925 ጀምሮ በጀርመኑ ላይካ የተስፋፋው ፊልም 36 በ24 ሚሊሜትር ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር ግን 6 በ4 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ነበር። ለትንሽ ሴንሰር የሚበቃው ሌንስ አጭር፣ ቀዳዳውም ጥቂት ሚሊሜትር ነውና ጀርባው ሁሉ ይጠራል። ሜጋፒክስል ቢቆለል ይህን አይለውጠውም። በ2003 የካኖን 300ዲ 22.7 በ15.1 ሚሊሜትር ሴንሰር ይዞ፣ ያለ ሌንስ በ899 ዶላር ወጣ። የፊልሙን ሙሉ ስፋት የያዘው 5ዲ በ2005 ሲመጣ ዋጋው 3,299 ዶላር ነበር። እነሆ፣ የድሮው ጉድለት የባለጸጋ ጌጥ ሆነ!

አቅሙ ውስን የሆነስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ከብዙ ርካሽ ካሜራዎች ጋር የሚሸጠው 18–55 ሌንስ እስከ 55 ሲያቀርብ ቀዳዳው 5.6 ነው፤ 55 ለ5.6 ሲካፈል ወደ 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ካኖን በ1990 ያወጣው፣ ለዓመታት በ100 ዶላር ገደማ የተሸጠው የፕላስቲክ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ቀዳዳው 1.8 ነው፤ 50 ለ1.8 ሲካፈል ወደ 28 ሚሊሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ሴንሰሩ ሰፋ ያለ፣ ሌንሱ የሚቀየር ያገለገለ ካሜራ ይገዛና የተረፈው ገንዘብ በእንዲህ ያለው ሌንስ ላይ ይዋል። ከዚያ ወደ ሰውየው ጠጋ ማለትና ከግድግዳው ማራቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ከ2016 ወዲህ ስልኮችም ብዥታን በስሌት ይሠራሉ፤ ፀጉር ዳር ሲደርሱ ግን ብዙ ጊዜ ይስታሉ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ የፀጉሩን ዳር መገመት አያስፈልገውም።