ዶልጎኽ፦ አባላት ያተረፏት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ

በዌልስ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ታዊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች፣ ብሪን ኤግሉይስ በተባለ ሥፍራ፣ በስሱ እየተሰነጠቀ ለቤት ጣሪያ ክዳን የሚውል ድንጋይ ይወጣ ነበር። ድንጋዩ በፈረስ ጀርባ መመላለሱ አላዋጣ ሲል 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የታሊሊን የባቡር መሥመር ተዘረጋ። ሐዲዱ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 የተሠራችው ዶልጎኽ ለዚሁ መሥመር ከተገዙት ሁለት ሎኮሞቲቮች አንዷ ስትሆን፣ ሌላዋ ታሊሊን ትባላለች።

ሥራዋ ከባድ ነበር። በድንጋይ ከሰል ውኃ እያፈላች፣ ወደ ታች ድንጋይ፣ ወደ ላይ ደግሞ ለሠራተኞቹ መንደር የሚሆን ዕቃና መንገደኛ ስታጓጉዝ ኖራለች።

እ.ኤ.አ. በ1911 ካባውንም ባቡሩንም የገዙት የፓርላማ አባሉ ሄንሪ ሃይድን ጆንስ ነበሩ። ካባው በ1946 ተደርምሶ ሲዘጋ እኚህ ሰው በሕይወት እስካሉ ድረስ ባቡሩን እንደማያቆሙ ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ይሁን እንጂ ገቢው ለጥገና አይበቃም ነበር። ታሊሊን በ1945 ከሥራ ስለወጣች የ80 ዓመቷ ዶልጎኽ ብቻዋን ቀረች። ሐዲዱን የሚሸከሙት እንጨቶች በስብሰው፣ ብረቱን በቦታው የያዘው አፈርና ሣር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባለቤቱ በሐምሌ 1950 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ የዶልጎኽ ዕጣ ለብረት ማቅለጫ መሸጥ መሰለ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ግን ደራሲው ቶም ሮልት በበርሚንግሃም ከተማ ስብሰባ ጠሩ፤ የባለቤቱ ባለቤትም መሥመሩን ለማስረከብ ፈቀዱ። የተቋቋመው ማኅበር እንደኛ የኅብረት ሥራ ማኅበር አይደለም። ቢሆንም ያቆሙት የአባላት መዋጮና የአባላት ጉልበት ናቸው። ግንቦት 14 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባቡር የጎተተችው ዶልጎኽ ናት። በበጎ ፈቃደኞች የተያዘ የባቡር መሥመር በዓለም ላይ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበሩ ከተዘጋው የጎረቤት መሥመር ሁለት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዛ። ዋጋው ርካሽ ነው። ነገር ግን የአንደኛው ጎማ ጠባብ፣ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ደግሞ ከልኩ ያለፈ ስለነበር ሎኮሞቲቩ እየወጣ አስቸገረ። ስለዚህ አባላቱ መጀመሪያ ሐዲዱን ማደስ ግድ ሆነባቸው። እንጨት መቀየርና ሣር መንቀል ለጎብኚ የሚታይ ሥራ አይደለም፤ እኔ ግን ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ዶልጎኽም ተራዋን ጠበቀች። ታሊሊን ታድሳ በ1958 ስትመለስ፣ በ1954 ለዕድሳት የቆመችው ዶልጎኽ ግን እስከ 1963 ድረስ ዘገየች። ለዘጠኝ ዓመት ያለ ሥራ የቆመችን አሮጌ ብረት ሸጦ መገላገል ቀላል ነበር። አባላቱ አልሸጧትም።

ዩኔስኮ በ2021 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ዌልስን የድንጋይ ካባ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ብሪን ኤግሉይስና የታሊሊን የባቡር መሥመርም አብረው ተመዝግበዋል።