እንዶድና ቀንድ አውጣው

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ከፈረስ መጋላ መኪና ግርግርን፣ ያንን የሰፊዎች ጎዳና፣ ሲንጀሩ እየተንጣጣባችሁ ወርዳችሁ ጊዲር መጋላ ከደረሳችሁ አረፍ ማለት ይገባችኋል። ሥጋ የያዛችሁ ግን ሸፍኑት፤ የሐረር ጭላት አይምርም።

የምተርከው ለእናንተ ሲንተቲክ ባዮሎጂ ለምትማሩት ነው። የአንዱን ፍጡር ጂን ለእርሾ ትሰጡና እርሾው ያልተፈጠረለትን ሥራ ይሠራላችኋል። አይጄም የሚሉት የተማሪዎች ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በ5 የአሜሪካ ቡድኖች የተጀመረው፣ ዛሬ የቤተ ሙከራውን ውጤት ብቻ አያይም። «ሕዝቡን ጠየቃችሁ ወይ? የነገራችሁስ ምን አስለወጣችሁ?» ይላል።

ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ ቀድሞ ወንዝ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ዓድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል መጀመሪያ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድርና፣ ልጆች ሲንቦጫረቁ በቆዳቸው ሰርስሮ ይገባል። ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በምን? በእንዶድ፤ ኦሮሞ ሐንዶዴ በሚለው። ፍሬው ደርቆ ይፈጫል፤ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። አክሊሉ ቢያዩ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፍፏል! ስንቱ ምሁር አረፋውን ተሻግሮ አልፏል። እሳቸው ቆሙ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 እዚያው ዓድዋ ውኃው በእንዶድ ሲታከም ቆየ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ነበሩ፤ ወደ 7 ወረዱ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ዝርያ ከዝርያ እያማረጡ ጠንካራውን እንዶድ ለዩ። የውጭው ዓለም ግን ለዓመታት ፊቱን አጠቆረባቸው፤ ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው።

የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ኋላ አሜሪካ ውስጥ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል በእንዶድ እንደሚሞት ታወቀና ፓተንቱ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገባ። ከፈልሳፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የአክሊሉ ስም አለ። የአጣቢዎቹ የለም።

ለምን አነሳሁት? ያን አረፋ የሚያስነሳው ሳፖኒን የሚሉት ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች ከቺሊ ዛፍ ቅርፊት የሚገኝና ለክትባት የሚውል ሌላ ሳፖኒን እርሾ ውስጥ ሠሩ። ነገ ከእናንተ አንዱ የእንዶዱን ልሞክር ማለቱ አይቀርም። ይሞክር! ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ከዚያ ውኃ የሚጠጣው የማን ከብት ነው? ከታች በኩል የሚቀዳውስ ማን ነው? ይህን ቤተ ሙከራ አይነግራችሁም።

ሐረር ደግሞ አፎቻ አለላችሁ፤ ሰርጉንም ለቅሶውንም አብሮ የሚሸከም ማኅበር። መጠይቅ ታቅፋችሁ ቤት ለቤት ከምትዞሩ አንድ የሴቶች አፎቻ ፊት ቅረቡ፤ እርሾን በእንጀራ እርሾ አስረዱ፤ ሲስቁባችሁ አብራችሁ ሳቁ። ሥራችሁ ገና ወረቀት ላይ ሳለ ሂዱ፤ ካለቀ በኋላማ ለማስፈረም እንጂ ለመጠየቅ አይደለም። ስትሄዱ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ነው፣ መልሱ ይበዛባችኋል። የነገሯችሁንም ሴቶች ስም፣ እነሱ ከፈቀዱ፣ ከእናንተ ስም አጠገብ ጻፉልኝ።