ከቮልስ እስከ አይዲ ፎር፦ መኪናው ተቀየረ፤ መካኒኩስ?

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ዛሬ ሁለት ቮልስዋገኖች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዷ አባቶቻችን የነዷት ቮልስ ናት። ሌላዋ ከቻይና የምትመጣው የኤሌክትሪኳ አይዲ ፎር። ሁለቱን ሳወዳድር የሚያሳስበኝ ግን ፍጥነታቸው አይደለም።

ቮልስን የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ለሂትለር «የሕዝብ መኪና» ዕቅድ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1938 ቢመሠረትም ጦርነቱ መጣና በግዳጅ ሠራተኞች ጉልበት የጦር ተሽከርካሪ ማምረቻ ሆነ። ከ1945 በኋላ መልሶ ያስነሳው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ኢቫን ሂርስት ነበር። በ1972 ቮልስ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2003 የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፑዌብላ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

ምስጢሩ ቀላልነቷ ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ጎረምሳ ረዳት ካንዴላ ሲቀይር፣ ካርቡሬተር ሲያጥብ ቆይቶ መካኒክ ሆኖ ይወጣ ነበር። መኪናዋ ራሷ ትምህርት ቤት ነበረች።

ናፍቆት ግን አያታልለን። የ1960ዎቹ ባለ 1200 ሞተር ጉልበቱ 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ የዚያን ሩብ ያህል ያጣል። የእንጦጦን ዳገት በስንት ማርሽ እንደምትወጣ የነዳት ያውቃል። ቤንዚኗም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ የቀረበችው አይዲ ፎር ጉልበቷ ወደ 200 ይደርሳል። የኋላ ጎማ የሚነዳው ዓይነት ሞተሩ እንደ አያቷ ከኋላ ነው። አየር ስለማይፈልግ ከፍታ አያደክመውም። መብራቱም በአብዛኛው ከራሳችን ግድቦች የሚመጣ ነው። ስለዚህ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ምክንያት አልነበረውም አልልም።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። አዲሷ መኪና ስትበላሽ መፍቻ ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ይጠይቃል። ለቻይና ገበያ የተሠራችው ደግሞ በቻይንኛ ነው የምታወራው። ባትሪዋ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ ስለሆነ ያልሠለጠነ ሰው ከነካው ሊገድል ይችላል። በልምድ ብቻ የሠለጠነው የሰፈራችን መካኒክ ከዚህ በር ውጭ ቆሟል።

ቮልስ ስትመጣ ዕውቀቷም አብሯት መጣ፤ ምክንያቱም ተፈትታ ትታይ ነበር። አይዲ ፎርን ግን ፈትቶ ማየት አይበቃም፤ ዕውቀቱን አስበንበት ካላስመጣነው በራሱ አይመጣም። ለመኪናው ቀረጥ ቀንሰናል፤ ለመካኒኩ ሥልጠናና መሣሪያስ? ባትሪው ሲያረጅ የት ይጣላል?

ከቤንዚን ጥገኝነት ወጥተን የጥገና ጥገኞች ከሆንን፣ የተቀየረው መኪናው ብቻ ነው።