የ«ዜሮ አደጋ» ቁጥር ታሪክ

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ከሙያሽ ጋር የሚሄድ የታሪክ ጽሑፍ አምጪ» ሲሉኝ፣ ስለ ፈንጣጣ ወይም ስለ ኅዳር በሽታ የምጽፍ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ የመረጥኩት የአንድ ቁጥር ታሪክ ነው። በፋብሪካና በግንባታ ቦታ በር ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ ታውቁታላችሁ፤ «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» ይልና ከሥሩ ቁጥር ይጻፍበታል። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ሁሉም ደስ ይለዋል። ታሪኩ ግን ደስታውን ያሳንሳል።

የሥራ ላይ ጤና ነገር ከእኛው ሙያ ይጀምራል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክረው ነበር። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1910 አሜሪካዊቷ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን በኢሊኖይ ግዛት የእርሳስ መመረዝን ማጥናት ሲጀምሩ፣ «እኛ ጋ የታመመ የለም» የሚሉ የፋብሪካ ኃላፊዎች ገጠሟቸው። እውነትም ፋብሪካው ውስጥ የታመመ ላይኖር ይችላል፤ የታመመው ሥራውን ለቅቆ ቤቱ ተኝቷላ! ዶክተሯ የሆስፒታል መዝገብ እያገላበጡ፣ የሠራተኞቹን ቤት እያንኳኩ አገኟቸው። (በነገራችን ላይ ሃርቫርድ በ1919 የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት አድርጎ ሲቀጥራቸው፣ በምረቃ ሰልፍ ላይ ከወንዶቹ ጋር እንዳይሰለፉ ከልክሏቸው ነበር። ለእኛ ለሴት ተመራቂዎች ይቺን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።)

እንግዲህ ትንሽ ቁጥር ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይ አደጋ የለም፣ ወይ የሚናገር የለም። ሦስተኛውን ትርጉም ያስተማረችን ደግሞ ቴክሳስ ሲቲ ናት።

መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005) በዚች ከተማ የሚገኘው የቢፒ ኩባንያ ነዳጅ ማጣሪያ ለጥገና ቆሞ የነበረ አንድ ክፍሉን መልሶ እያስነሳ ነበር። ከ50 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የማጣሪያ ማማ ከታች ጥቂት ሜትር ብቻ መሞላት ሲገባው ለሰዓታት ፈሳሽ ገባበት፤ የሚወጣ ግን አልነበረም። የከፍታ መለኪያው ፈሳሹ እየቀነሰ ነው ብሎ አሳየ። መጮህ የነበረበት ማንቂያ አልጮኸም። ትርፉ ፈሳሽ ጋዙን በችቦ አቃጥሎ በማስወገድ ፈንታ በቀጥታ ወደ አየር ወደሚለቅ ያረጀ ማስወገጃ ሄደና እንደ ምንጭ ገንፍሎ ወጣ። ከዚያ እሳት። 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ያህል ቆሰሉ። የሞቱት በአቅራቢያው በቆሙ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያ የነበሩ የኮንትራት ሠራተኞች ናቸው።

ሐኪም ሆኜ ሳነበው ያስደነገጠኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች መካከል በዚያው ቀን ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስ አንድ ወር በመሙላቱ የምሳ ግብዣ ላይ ቆይተው የተመለሱ ነበሩ። የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት መርማሪ ቦርድ እንዳሳየው፣ የማጣሪያው የሠራተኞች ጉዳት መጠን በ2004 በታሪኩ ዝቅተኛው ነበር። ቁጥሩ አልዋሸም። የሚቆጥረው የተንሸራተተን፣ ጣቱን የተቆረጠን፣ ከመሰላል የወደቀን ነው፤ ስለ ማማው የሚያውቀው ነገር የለም። ማማው ከልክ በላይ መሞላቱ ደግሞ ለዚያ ቀን ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ቀደም ባሉት ዓመታት ክፍሉ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ሰው ስላልተጎዳ ግን ሰሌዳው ላይ የሚጻፍ ነገር አልተገኘም።

በ1999 ዓ.ም. የወጡት የምርመራ ሪፖርቶች፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የመሩት ቡድን ሪፖርት ጭምር፣ ኩባንያው በሠራተኞች ጉዳት ቁጥር ላይ መደገፉን ነቀፉ፤ ከጉዳት በፊት የሚታዩ ነገሮችም ይለኩ አሉ። ቀዳሚ አመልካቾች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ለእኛ እንግዳ አይደሉም። የእናቶችን ሞት ብቻ የሚቆጥር ማዋለጃ ክፍል ኋለኛውን አመልካች ይዟል፤ እርግዝና ክትትል ላይ የስንቷ ደም ግፊት ተለካ፣ ከፍ ያለባትስ በስንት ሰዓት መድኃኒት አገኘች ብሎ የሚጠይቀው ቀዳሚውን ይዟል።

የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ይህንኑ መለኪያ በደንብ አድርጎ በኤፕሪል 2010 አወጣ። በዚያው ወር በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ። በዕለቱ የኩባንያ ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ፤ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስ ሰባት ዓመት በመሙላቱ ሠራተኞቹን ሊያመሰግኑ።

ቀዳሚ አመልካች ሁሉ ግን መልካም አይደለም። «ስንት ሥልጠና ሰጣችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የአቴንዳንስ ወረቀት ይሆናል፤ ፈርሞ የወጣውም ይቆጠራል። እኔ የምወደው እምቢ ለማለት የሚከብደውን ጥያቄ ነው። መፈተሽ ከነበረባቸው ማንቂያዎች ስንቱ በቀኑ ተፈተሸ? ተበላሽቷል ከተባለ ስንት ቀን ቆየ?

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ላይ ጉዳትን መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዛል። ጥሩ ነው፤ ግን ይሄም ኋለኛ አመልካች ነው። በየዋርዱ መርፌ የወጋውን ኢንተርን ወይም ሲስተር መዝገብ ላይ ብትፈልጉ የምታገኙት ጥቂት ነው፤ ብዙው እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ተራው ገና አላለቀማ። የሃሚልተን ፋብሪካ ማለት ነው። ስለዚህ መርፌ የወጋውን ከመቁጠር በፊት ሌላ ቆጠራ አለን፤ ዘንድሮ ክሊኒካል አታችመንት ከሚጀምሩት ተማሪዎች ስንቱ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ሦስቱንም ዙር ጨርሷል? ሴፍቲ ቦክሱ ከአፉ ሳይሞላ የሚቀየረው በስንት ዋርድ ነው? የመጀመሪያውን ለማወቅ የክትባት ካርድና አንድ ዝርዝር ይበቃል። በተለመደው አሰጣጥ ሦስቱ ዙር ስድስት ወር ስለሚወስድ ግን፣ መምህራን ሆይ፣ ዝርዝሩ ከአታችመንቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድሞ መጀመር አለበት።