ትረስ፣ ፍሬም፣ ፋኽቬርክ፦ «የዘንግ ጥልፍልፍ»

አራት ዱላ በየጫፉ በአንድ በአንድ ሚስማር ተያይዞ አራት ማዕዘን ቢሠራ፣ ጎኑን ገፋ ሲያደርጉት ተንጋዶ ይተኛል። ሦስት ዱላ ከሆነ ግን፣ አንዱ ካልተሰበረ ወይም ሚስማሩ ካልተነቀለ በቀር ቅርጹን አይለቅም። እንግሊዞች ትረስ የሚሉት መዋቅር የቆመው በዚህ የሦስት ማዕዘን ጠባይ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚታየውን የእንጨት ወይም የብረት ተሸካሚ ልብ ይሏል። ጭነቱ በመጋጠሚያዎቹ ላይ እስካረፈ ድረስ እያንዳንዱ ዘንግ ወይ ይሳባል ወይ ይጨመቃል፤ መጉበጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀጫጭን ዘንጎች ሰፊ አዳራሽ መሻገራቸውም ለዚሁ ነው።

ፍሬም ሰያፍ ዘንግ አይሻም። ቋሚውና አግዳሚው የተገናኙበት ማዕዘን ራሱ ግትር ስለሆነ መጉበጡን ተካፍለው ይሸከሙታል። አብዛኞቹ የኮንክሪት ፎቆች እንዲህ ናቸው።

ጀርመኖች ፍሬሙን ራመን፣ ትረሱን ፋኽቬርክ ይሉታል። ፋኽቬርክ ሲባል ተራው ጀርመናዊ ግን ቀድሞ የሚታየው ድልድይ ሳይሆን፣ የእንጨት አጽሙ ከውጭ የሚታይ፣ ክፍተቱ በጭቃ ወይም በጡብ የተሞላ የድሮ ቤት ነው። ፋኽ የሚባለውም ያ ክፍተት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ «ማገር» ብለን እንተርጉመው ሊል ይችላል። እኔ አልስማማም፤ የጭቃ ቤት ማገር ጭቃውን ይይዛል እንጂ ጣሪያ አይሸከምም።

እንግሊዝኛው ደግሞ በስሙ ያሳስታል። ቤልጅጋዊው መሐንዲስ አርቱር ፊረንዴል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰያፍ ዘንግ የሌለው፣ እንደ መሰላል ያለ ተሸካሚ አወጣ። አርክቴክቱ ሉዊስ ካን በካሊፎርኒያው የሳልክ ተቋም ላብራቶሪዎች ላይ የተጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ሰያፍ ስለሌለ ቱቦዎቹ በመሀሉ እንደ ልብ ያልፋሉ። እንግሊዝኛው «የፊረንዴል ትረስ» ይለዋል፤ ማዕዘኖቹ ግትር ናቸውና በሥራው ፍሬም ነው። በተቃራኒው፣ ጀርመናዊው ማክስ ሜንገሪንግሀውዘን በ1940ዎቹ ባቀረበው የሜሮ ኳስ መጋጠሚያ የሚሠራውን፣ በሦስት አቅጣጫ የተጠላለፈ የቱቦ ጣሪያ እንግሊዝኛው «ስፔስ ፍሬም» ሲለው፣ በሥራው ግን ትረስ ነው። ጀርመንኛው እዚህ ላይ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን «የፊረንዴል ተሸካሚ» ብሎ ይተወዋል፣ ሁለተኛውን ራውምፋኽቬርክ ብሎ ከወገኑ ይቀላቅለዋል።

እንግዲህ ከእንግሊዝኛው ስም ይልቅ መጋጠሚያው የሚሠራውን ተከትለን ብንሰይም ይበጃል። ለትረስ የማቀርበው «የዘንግ ጥልፍልፍ» ነው፤ ስፔስ ፍሬም «ባለ ሦስት አቅጣጫ የዘንግ ጥልፍልፍ» ይሆናል። ለፍሬም «ግትር ማዕቀፍ» እላለሁ። ማዕቀፍ ብቻውን በመመሪያና በስብሰባ ስለተወሰደ «ግትር» ካልታከለበት ግንባታ መሆኑ አይታወቅም። የፊረንዴሉም እዚሁ ይገባል።

የክፍሎቹ ስም ብዙ አያስቸግርም፤ ቋሚ፣ ሰያፍ፣ መጋጠሚያ አሉን። ከላይና ከታች የሚሄዱትን ረጃጅም ዘንጎች ጀርመኖች ጉርት፣ ማለትም ቀበቶ ይሏቸዋል። «አግዳሚ» እንዳንል የጣሪያው የላይኛው ዘንግ ብዙ ጊዜ ያዘነብላል። «የላይ ጠርዝ» እና «የታች ጠርዝ» ለሁሉም ይሠራሉ።