ራስን በራስ የመላጨት ጥበብ

በ1769 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የማነሣቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው) ዣን ዣክ ፔሬ የሚባል የፓሪስ የስለት አንጥረኛ «ፖጎኖቶሚ» ብሎ የሰየመውን፣ ሰው የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ ጢሙን ራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ ረጅም ነው፤ ስለት ስለሚሳልባቸው ልዩ ልዩ ድንጋዮች፣ ምላጩ ስለሚታሽበት ቆዳ አዘገጃጀት፣ በመጨረሻም ደም በማውጣት ሕክምና ላይ ደራሲው ስላስተዋለው ነገር እያከታተለ ይዘረዝራል። ፔሬ ለአንባቢው ሊሰጠው የወደደው የምላጭ አያያዝን ብቻ አልነበረም፤ ስለት እንዴት እንደሚወጣ፣ እንዴት እንደሚጠበቅና ሲዶለዱም እንዴት እንደሚታደስ ጭምር ነበር፤ ይህም ዕውቀት በባለ ተግባረ እዶች ማኅበር ውስጥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ምላጭ ራሱ ግን እጅግ ጥንታዊ ነው። ዮሴፍ ከግዞት ቤት ወጥቶ ወደ ፈርዖን በተጠራ ጊዜ አስቀድሞ መላጨቱን ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም ራሱንና ጢሙን በምላጭ እንዲላጭ እንደ ታዘዘ በትንቢቱ መጽሐፍ ተጽፏል። ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ እንደ ተረከው፣ ጢም ላጮች መጀመሪያ ወደ ኢጣልያ የመጡት ከልደተ ክርስቶስ በፊት 300 ዓመት ያህል ቀድሞ ከሲሲሊያ ደሴት ሲሆን፣ ከሮማውያን ወገን በየዕለቱ መላጨትን ልማድ ያደረገው የመጀመሪያው ሰው የካርታጎን ድል አድራጊ ስኪፒዮ ኤሚልያኖስ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት አብዛኛው ሰው ፊቱን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ይላጭ ነበር እንጂ ምላጩን ራሱ አይጨብጥም ነበር።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህ ላጭ ሐኪምም ጭምር ነበረ። በ1215 ዓ.ም. በሮም በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ ካህናትና ዲያቆናት በመቍረጥና በመተኰስ የሚደረገውን ሕክምና እንዳይሠሩ ከለከለ፤ ደም ማውጣቱ፣ ጥርስ መንቀሉና ቍስል መጠገኑም ምላጭ በያዘው ባለሙያ እጅ እየጸና ሄደ። ይህ ነገር ዋግምት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም፤ በእኛም አገር በምላጭ በጥቶ በቀንድ ደም የሚስበው ሰው ሐኪም ተብሎ ሲከበር ኖሯልና። በለንደን የላጮችና የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን በ1540 ዓ.ም. በሕግ አንድ ሆኖ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1745 ዓ.ም. ተለያየ፤ በፈረንሳይም ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1743 ዓ.ም. ባወጣው ዐዋጅ ቀዶ ሐኪሞቹ ከላጮቹ ተለዩ። ፔሬ በመላጨት መጽሐፉ ማብቂያ ላይ ደም ስለ ማውጣት መጻፉ ያ አሮጌ ዝምድና በእርሱ ዘመን ገና ፈጽሞ እንዳልተቋረጠ ያሳያል።

መጽሐፍ ብቻውን ግን ተራውን ሰው ምላጭ ሊያስጨብጠው ባልቻለም ነበር፤ አስቀድሞ የሚታመን ብረት ያስፈልግ ነበርና። የቀድሞው የአረብ ብረት አሠራር የብረት ዘንጎችን ከከሰል ጋር በታሸገ ምድጃ ውስጥ ለብዙ ቀናት ማጋል ነበር፤ በዚህ አኳኋን ከከሰሉ የሚገባው ካርቦን በዘንጉ ገጽ ላይ በርትቶ ወደ ውስጥ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ብረቱ በአንድ ወገን ጠንካራ በሌላው ወገን ልል ይሆናል፤ ከእንዲህ ያለ ብረት የወጣ ምላጭም በአንዱ በኩል ሲቈርጥ በሌላው በኩል ጸጉሩን ይነጫል። በእንግሊዝ አገር በዶንካስተር ከተማ ሰዓት ሠሪ የነበረው ቤንጃሚን ሀንትስማን ለሰዓቶቹ የሚሆን ጥሩ ሞላ ፍለጋ ደክሞ፣ ወደ ሼፊልድ አጠገብ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1740ዎቹ ዓመታት ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ እንደ ውሃ እስኪፈስ ድረስ የሚያቀልጥበትን ዘዴ አገኘ፤ ቀልጦ የተዋሐደው ብረትም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነ። የሼፊልድ ስለት ሠሪዎች ብረቱ ለመዶሻችን እጅግ ጠጠረብን ብለው እንደ ናቁት፣ ሀንትስማንም ወደ ፈረንሳይ መላክ እንደ ጀመረ፣ እነዚያው ሠሪዎች ፈረንሳዮቹ በዚህ ብረት የሠሩት ዕቃ ገበያቸውን ሲሻማ ባዩ ጊዜ ወደ ውጭ መሸጡን ሊያስከለክሉ እንደ ሞከሩ በከተማይቱ ይተረካል።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነው። ጢም በፊት ላይ ነፋስ እንዳስተኛው የጤፍ ማሳ ነው፤ በጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቍልቍል ይተኛል፣ በአንገት ላይ ወደ ጎን ወይም ሽቅብ ይዞራል፣ በመንጋጋ ሥር አዙሪት ይሠራል። ሁለት ሰዎች በዚህ ረገድ ፈጽሞ ስለማይመሳሰሉ፣ ተማሪው ምላጭ ከማንሣቱ በፊት የገዛ ፊቱን በጣቱ እየዳበሰ ማጥናት ግድ ይሆንበታል፤ የመምህሩ ፊት ለእርሱ አያገለግለውም። ከዚያ ጢሙን በሙቅ ውሃ ያርሰዋል፤ ጸጉር ውሃ ሲጠጣ አብጦ ይለሰልሳልና፤ በሳሙና አረፋም ይሸፍነዋል። ምላጩን 30 ዲግሪ በሚያህል ጋደል ያለ አያያዝ ይይዘዋል፤ ጀርባው ከዚህ ይልቅ ቀና ካለ ስለቱ ቆዳን ይበጣል፣ ከዚህ ይልቅ ከተኛ ደግሞ ጸጉሩን ሳይቈርጥ ይስባል።

መጀመሪያ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ይላጫል፤ ጀማሪ ለብዙ ሳምንታት ከዚህ ባያልፍ መልካም ነው። እጁ ከረጋ በኋላ እንደ ገና አረፋ ቀብቶ ወደ ጎን ይላጫል፤ በመጨረሻም አበቃቀሉን ተቃርኖ፣ ማለት ጸጉሩ ወደ መጣበት ወደ ሥሩ ፊቱን አዙሮ፣ ሦስተኛውን ዙር ይጀምራል። የዚህ ዙር ጥቅምና አደጋ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ስለቱ የተኛውን ጸጉር ቀና አድርጎ ከሥሩ ስለሚያገኘው፣ የተወጠረውም ቆዳ ሲለቀቅ የተቈረጠውን ጫፍ ወደ ውስጡ ስለሚመልሰው ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ያው ስለት ጥቂት እንኳ ቢዶለዱም ጸጉሩን ከመቍረጥ ይልቅ ነክሶ ከቆዳው ጋር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ደም ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ እጁ ቆዳውን አጥብቆ እየወጠረ፣ ምላጩን ከፊተኞቹ ዙሮች ይበልጥ አጋድሞ፣ በአጫጭር እርምጃ መሄድ አለበት፤ ከሁሉም የላይኛው ከንፈርና አገጭ ያስቸግራሉ። እኔ እንደማምነው የምላጭ ትምህርት ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ዙር ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ያልሠለጠነ እጅንና የደከመ ስለትን ይታገሣል፣ ሦስተኛው ግን ሁለቱንም አይታገሥም። ፔሬ የድንጋዩንና የቆዳውን ነገር ከመላጨቱ ሥርዓት ጋር አንድ ላይ ማስተማሩ ትክክል ነበር የምለውም ስለዚህ ነው። ዛሬ ቤልጅግ በሚባለው አገር በአርዴን ተራሮች የሚቈፈረው፣ እጅግ ደቃቅ የጋርኔት ቅንጣቶች ያሉበት ቢጫ ድንጋይ ስለቱን ያወጣል፤ የተወጠረውም ቆዳ በየዕለቱ ያስተካክለዋል። በቆዳው ላይ ምላጩ ጀርባውን አስቀድሞ ይጎተታል፣ ሲገለበጥም በጀርባው ላይ ይገለበጣል እንጂ በስለቱ ላይ አይዞርም፤ ይህን የሳተ ሰው ቆዳውንም ስለቱንም በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

ይህ ስለት የተገዛበትን ዋጋ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ምላጭ በሁለት ጎኑ እንዲሰረጕድና ወደ ስለቱ እንዲሳሳ በሚዞር ድንጋይ ላይ ይሞረድ ነበር፤ የሼፊልድ ሞራጆች በሼፍ፣ በፖርተር፣ በሪቭሊንና በሎክስሊ ወንዞች ዳር በውሃ ኀይል በሚዞሩ ድንጋዮች ላይ፣ በኋላም በእንፋሎት ኀይል በሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ የድንጋዩና የብረቱ ትቢያ ወደ ሳንባቸው ይገባ ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ የሼፊልዱን ሐኪም ናይትን ምስክር ጠርቶ እንደ ጻፈው፣ በደረቅ ድንጋይ የሚሞርደው ሰው ዕድሜ በአማካይ 35 ዓመት እንኳ አይሞላም፣ በእርጥብ ድንጋይ የሚሠራውም ከ45 ዓመት የሚያልፈው ከስንት አንዱ ነበር፤ ምላጭ ሞራጆች ደግሞ በሁለቱም ይሠሩ ነበር። በመላው ዓለም የስንቱ ሰው ፊት የለሰለሰው የእነዚህ ሰዎች ዕድሜ እያጠረ ነው፤ የምላጭን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የፋብሪካዎቹን ስም በዝርዝር ሲያነሡ እነርሱን በአንድ መስመር ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

የአንጥረኛ ልጅ የነበረው ታላቁ ሊቅ ማይክል ፋራዴይም በዚሁ ብረት ላይ ደክሟል። ከስለት ሠሪው ከጄምስ ስቶዳርት ጋር ሆኖ አረብ ብረትን ከብር፣ ከፕላቲኒየምና ከሮዲየም ጋር ቀላቅሎ የፈተነውን በ1820 ዓ.ም. አሳተመ፤ ከዚያ ብረት የተሠሩ ምላጮችንም ለወዳጆቹ በስጦታ ይሰጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ፔሬ ራሱ ስለቱ ጥቂት ብቻ ብቅ የሚልበት፣ እንጨት የለበሰ ምላጭ አዘጋጅቶ ነበር፤ በ1880 ዓ.ም. ካምፕፌ የተባሉ ወንድማማቾች በኒው ዮርክ መከላከያ ያለው ምላጭ በስማቸው አስመዘገቡ። በ1903 ዓ.ም. ኪንግ ካምፕ ጂሌት ገዢው ሊስለው የማያስፈልግና ሲዶለዱም የሚጣል ስስ ምላጭ መሸጥ ጀመረ፤ በዚያ ዓመት የተሸጡት መላጫዎች 51፣ ስስ ምላጮቹም 168 ብቻ ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን መላጫዎቹ ከ90,000 በላይ ሆኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ሲያድል ነገሩ ተፈጸመ፤ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል በጢማም ፊት ላይ አጥብቆ ስለማይገጥም ወታደር ሁሉ መላጨት ነበረበት፤ ከዘመቻ የተመለሰውም ጐልማሳ ቆዳና ድንጋይ አላስፈለገውም። እንግዲህ የፔሬ መጽሐፍ ከወጣበት እስከ ጂሌት የመጀመሪያ ሽያጭ ያለው 134 ዓመት ነው፤ ማንኛውም ሰው የገዛ ስለቱን ራሱ ይጠብቅ ዘንድ የተማረበት ዘመን ከዚህ ብዙም አይረዝምም።

በአዲስ አበባ ጸጉር ቤቶች ባለሙያው ስሱን ምላጭ ለሁለት ሰብሮ በሚታጠፍ እጀታ ውስጥ ያስገባና ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይለውጠዋል፤ ይህም ለጤና እጅግ የተሻለ ነው። የድንጋዩና የቆዳው ዕውቀት በዚህ ቢቀርም የእጁ ሥርዓት አለ፤ ቆዳውን በጣቱ ይወጥራል፣ አስቀድሞ በተኛበት፣ ኋላም ተቃርኖ ይላጫል። እዚህ ላይ ስለ እኛ ጸጉር አንድ ነገር መናገር ይገባል። ጥቅልል ያለ ጸጉር ተቃርኖ ሲላጭ ከቆዳ በታች ይቈረጣል፣ ሲያድግም የሾለው ጫፉ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል፤ በብዙ ወንዶች አንገት ላይ የሚታየው የማያቋርጥ እባጭና ጥቍረት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሐኪሞችም ለእንዲህ ያለ ሰው በተኛበት አቅጣጫ ብቻ ተላጭቶ እንዲበቃው ይመክሩታል። የጸጉር ማስተካከል ሙያ የሚያስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪያቸው ሦስተኛውን ዙር ከመጀመሩ በፊት የደንበኛውን አንገት አይቶና ዳብሶ፣ እባጭ ካገኘም ደንበኛው ቢጠይቀው እንኳ በትሕትና ምክንያቱን ነግሮት እንዲያቆም ቢያሠለጥኑት እወዳለሁ።