የሐዲዱ አምሳያና የጭነቱ ታሪክ

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የተጠራ የጎጃም ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች አንዱ እርሱ እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸው ይነግረናል። በዚህ ዐይነቱ ጉባኤ ቤት ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚለማመደው አንድ ጥበብ አለ፤ እርሱም ትንሹን ነገር አቅርቦ ትልቁን ማሳየት ነው። ሰሙ በዐይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ተራ ነገር ነው፤ ወርቁ ከእርሱ በስተጀርባ ይቆማል። ሰሙ የተዛባ እንደሆነ ወርቁ አይወጣም። መምህሩም ቅኔውን የሚመልሰው፣ ተማሪውን «ይህ አልሞላም» ብሎ የሚያስነሣው፣ ብዙውን ጊዜ በወርቁ ታላቅነት ሳይሆን በሰሙ ጉድለት ነው።

በዚሁ በጎጃም ምድር እስከ ዛሬ የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ሆኖም ገበሬው በእርሻው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ከሐዲድ ርቆ የሚኖር ሕዝብም ቢሆን የሐዲድ ታሪክ ተካፋይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ሐዲድ አይቶ የማያውቅ የደብረ ኤልያስ ተማሪ ይህን ታሪክ በምን ይወቀው? በመጽሐፍ ያነበዋል፤ በሥዕል ያየዋል። ከሁለቱም ይልቅ ሊያስተምረው የሚችለው ግን በገበታ ላይ ተሠርቶ የሚንቀሳቀስ የባቡር አምሳያ ነው። ይህ ጥበብ በሌላው ዓለም የጎልማሶች ጭምር ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ሐዲዱን፣ ጣቢያውን፣ ተራራውን፣ ሰውን ሁሉ በአንድ ልክ አሳንሶ መሥራት የታሪክ ጸሐፊን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነውና በኪነ ጥበብ ገጽ ላይ ሊነሣ ይገባዋል።

የኤሌክትሪክ ባቡር ራሱ የተወለደው አምሳያ በሚመስል መጠን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በበርሊን በተደረገው የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ላይ ቬርነር ፎን ሲመንስ ያቀረበው ባቡር ሐዲዱ 300 ሜትር ያህል የሚሆን ክብ መንገድ ነበር። ሎኮሞቲቩ እጅግ ትንሽ ስለነበር ነጂው እንደ በቅሎ ተፈናጥጦ ይቀመጥበት ነበር። በሦስት ትንንሽ ሠረገሎች ሰው እየጫነ በአራት ወራት ውስጥ ከ80,000 የሚበልጡ ጎብኚዎችን አመላልሷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ሎኮሞቲቩ በመጀመሪያ የታሰበው ለመዝናኛ ሳይሆን በከሰል ማዕድን ለጭነት ነበር። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመፀነሱ ጀምሮ የጭነት ልጅ ነው።

በአገራችንም የብረት መንገድ ታሪክ ሲተረክ በመነሻው ላይ አንድ አምሳያ ይገኛል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከመጣ በኋላ ጫማ እንዲሰፋ፣ ጠመንጃም እንዲሠራ ታዝዞ እንደነበር ስለ እርሱ የሚተርኩ ሁሉ ያወሳሉ፤ የሐዲድን ጥቅም ለንጉሡ ለማስረዳትም ትንሽ የባቡር አምሳያ አሳይቶ እንደነበር ይተረካል። ከዚያ በኋላ የሆነው በሰነድ የታወቀ ነው። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለኢልግና ለፈረንሳዊው ነጋዴ ለሊዮን ሸፍኔ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ዛሬ ድሬዳዋ ከሚባለው ስፍራ ደረሰ፤ ከተማይቱንም ፈጠራት። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ አጠረ፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የኢጣሊያ መንግሥታት የጥቅም ሽኩቻ መንገዱን ለዓመታት አቆመው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ ምኒልክ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ኢልግም ባቡሩ ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት በስዊስ አገር ሞቷል። ነገሩን ያሰቡትና የፈረሙት ሁለቱም ሐዲዱ ዋና ከተማ ደርሶ አላዩትም።

ይህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጣል። በቤተ መንግሥት ወለል ላይ የሚሽከረከር ትንሽ ባቡር ፍጥነትን ያሳያል፤ ውበትን ያሳያል። የማያሳየው ግን ብዙ ነው። በበረሃው ንዳድ ድንጋይ የፈለጡትን፣ በአዋሽ ሸለቆ ላይ ድልድይ ያቆሙትን፣ ለእንፋሎቱ ሞተር ውኃ ፍለጋ የደከሙትን ሠራተኞች አያሳይም። በገዛ መሬታቸው ላይ ሳይጠየቁ ሐዲድ የተዘረጋባቸውን የኢሳና የአፋር አርብቶ አደሮች ቁጣ አያሳይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዲዱ ምን ሊጭን እንደተዘረጋ፣ ጭነቱስ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ አያሳይም።

ጎጃም ይህን የጭነት ጥያቄ ከማንም በፊት የሚያውቅ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ዛሬ የጁቤ በሚባለው አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከእናርያና ከጉድሩ ተነሥቶ ዐባይን የተሻገረው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ እዚያ ይራገፍ ነበር፤ በሰንሰለት የታሰረ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ከባሶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በበቅሎና በአህያ ጀርባ፣ በሸካሚም ትከሻ የተዘረጋ ሐዲድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ንግዱ ወደ ሸዋ ማዘንበል የጀመረው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ቢሆንም፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ ከዚያም አዲስ አበባ ሲደርስ የደቡቡ ቡናና ቆዳ ፊቱን ጨርሶ ወደ ጅቡቲ መለሰ። አንድ ሐዲድ አንዱን ከተማ ሲወልድ የሌላውን ገበያ ያደርቃል። ጭነቱን ትቶ ሞተሩን ብቻ የሚያሳይ አምሳያ ይህን የታሪክ ፍርድ ይሰውራል።

የኤሌክትሪኩ ሐዲድ ታሪክም በጭነት በኩል ሲታይ ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1888 ፍራንክ ስፕሬግ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ፣ ከሠረገላው ጣሪያ በሚነሣ ዘንግ ከላይ ከተወጠረ ሽቦ ኃይል የሚወስድ የከተማ ባቡር በሰፊው ሥራ ላይ አዋለ። ብዙዎች ይህን ባቡር በተሳፋሪው ብቻ ያስታውሱታል። ነገር ግን በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የነበረው ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሥር ፉርጎዎችን እየጎተተ የእርሻና የፋብሪካ ዕቃ ያመላልስ ነበር። በአዮዋ ግዛት በሜሰን ሲቲ ደግሞ ተሳፋሪው ከቀረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ እንኳ፣ ካቢናቸው በመካከል የቆመ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ጭነት መጎተታቸውን ቀጥለው ነበር። የአምሳያ ሠሪዎች ይህን ዐይነት መስመር የሚወዱበት ምክንያት አለ። መስመሩ አጭር ነው፤ ባቡሩ በዝግታ ይሄዳል፤ ከፋብሪካ በር ድረስ ይገባል፤ ሰው ሲጭንና ሲያራግፍ ይታያል። ሥራ በግልጽ የሚታይበት ሐዲድ ነው።

በኢትዮጵያ ሐዲድ ላይ ኤሌክትሪክ የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመትና የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ በእንፋሎት ጀመረ፤ በኋላም ወደ ናፍጣ ተሸጋገረ። በ2008 ዓ.ም. በመስከረም ወር የአዲስ አበባ ከተማ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ሥራ ጀመረ። በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ወር ደግሞ ከሰበታ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው፣ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ ሐዲድ ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ በላዩ የተወጠረው ሽቦ የሚሸከመው ኃይል 25,000 ቮልት ነው። ኮንቴይነሩ፣ ስንዴው፣ ማዳበሪያው ሽቅብ ይወጣል፤ ቡናው ቁልቁል ይወርዳል።

ይህን መስመር በአምሳያ ለመሥራት የሚነሣ መምህር ወይም አርቲስት በመጀመሪያ የሚገጥመው የልክ ጥያቄ ነው። በዓለም የተለመደው ልክ አንዱን ነገር 87 ጊዜ ማሳነስ ነው። በዚህ ልክ የአዲሱ ሐዲድ ስፋት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የአሮጌው ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሰው ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ 40 ጫማ የሚባለው ኮንቴይነር 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ ግን በዚሁ ልክ ቢሰላ አሮጌው መስመር ብቻውን 9 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ሠሪው መምረጥ አለበት። አንድ ወደብ፣ አንድ የበረሃ ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ማራገፊያ መርጦ የቀረውን ይተዋል። ቅኔ ዘራፊው ከብዙ ቃል ጥቂቱን እንደሚመርጥ ሁሉ፣ እዚህም የሠሪው ማስተዋል የሚፈተነው በተወው ነገር ነው።

ቀጥሎ የሽቦው ሥራ ይመጣል። የመኪና መንገድ ያህል ቀላል የሚመስለው ሐዲድ ሽቦ ሲወጠርበት ሌላ ሥራ ይሆናል። በዘንግ ለሚሄደው የድሮ ባቡር ሽቦው በሐዲዱ መካከል ትክክል መዋል አለበት፤ በመታጠፊያ ላይ ከጎን በሚስቡት ብዙ ገመዶች ይያዛል፤ ባቡሩ አቅጣጫ ሲለውጥም ዘንጉ ተስቦ ወደ ኋላ መዞር አለበት። እንደ ጅቡቲው መስመር በፓንቶግራፍ ለሚሄደው ግን ሽቦው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ እያለ ይወጠራል፤ እንዲህ ካልሆነ አንዱን ቦታ ብቻ እየፋቀ ፓንቶግራፉን ይቆርጠዋል። ይህን የማያውቅ ሠሪ ሽቦውን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወጥረዋል፤ አምሳያውም ለዐይን ያማረ ለዕውቀት የማይረባ ይሆናል። በገበታው ላይ የሚሄደው ኃይል 12 ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ ተማሪ በእጁ ቢነካው አያሰጋም። እውነተኛው ሽቦ ግን ሳይነኩት፣ ሲጠጉት ብቻ የሚገድል መሆኑ በዚያው ገበታ ፊት መነገር አለበት።

ለመልክዐ ምድሩ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መጠበቅ አያስፈልግም። የጤፍ ገለባ ተከትክቶ የደረቀ ሣር ይሆናል፤ ተፈጭቶ የተነፋ ቀይ አፈር በሙጫ ሲለጠፍ መሬት ይሆናል፤ ቀርቀሃ ተሰንጥቆ ምሰሶ፣ ቆርቆሮ ተቆርጦ ጣሪያ፣ የተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ ተልጦ ሽቦ ይሆናል። ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛውና እንጨት ጠራቢው በዚህ ሥራ ተካፋዮች ቢሆኑ፣ ለዘመናት የተናቀው እጃቸው የአገሪቱን የቴክኒክ ታሪክ የሚያስተምር እጅ ይሆናል። አዲስ የተቀባ ፉርጎ ደግሞ ታሪክ የለውም፤ ዝገቱ፣ የዘይት ጠብታው፣ ከከረጢት የፈሰሰው ስንዴ መታየት አለበት። የወዛደሩ ጀርባ ከሎኮሞቲቩ እኩል በጥንቃቄ ሊቀረጽ ይገባል።

ይህ ሁሉ ትጋት ከጨዋታ በላይ የሚሆንበት ምክንያት በአሮጌው መስመር ዕጣ ላይ ይታያል። አዲስ አበባን ከድሬዳዋ ያገናኝ የነበረው የባቡር አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። ብዙ ጣቢያዎች ባዶ ቀሩ፤ ሐዲዱ በየስፍራው ተነቃቀለ፤ በድሬዳዋው የጥገና ሥራ ቤት አሮጌ ሞተሮችና ፉርጎዎች ቆመው ቀሩ። ነጂው፣ መካኒኩ፣ ሐዲድ ጠባቂው፣ በፈረንሳይኛ ሥራውን ተምሮ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ሲያስተምር የኖረው ሠራተኛ አረጀ። ለእኛ የቀሩን ቃላት ናቸው፤ ለገሃር፣ ፉርጎ፣ ሊቶሪና። በ1977 ዓ.ም. በጥር ወር በአዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ያለቁበት ቀን እንኳ ከወጣቱ ትውልድ ትዝታ እየራቀ ነው። በመልካም የተሠራ አምሳያ ያንን ድልድይ ሲያቆም፣ ባቡር በላዩ ማሽከርከር ብቻ በቂ አይደለም፤ የዚያን ቀን ስም በአጠገቡ ሊጽፍ ይገባል።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ በተነደፈው የአገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ አድርጎ ወደ ሠመራና ኤሊዳር የሚዘልቅ መስመር ነበረበት። ፍኖተ ሰላም ለደብረ ኤልያስ ሩቅ አይደለም። ያ መስመር ግን እስከ ዛሬ በወረቀት ላይ ነው። የደብረ ኤልያስ ተማሪ አምሳያ ቢሠራ ይህን መስመር ለመጨመር ልቡ መፈለጉ አይቀርም። ይጨምረው፤ ነገር ግን በብረት ሐዲድ ሳይሆን መሬት ላይ በተዘረጋ ነጭ ክር ይሁን። ጎብኚው መጥቶ «ይህ ክር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተማሪው «ይህ የታሰበው ነው፤ ያኛው የተሠራው ነው» ብሎ መመለስ ይችላል። የታሰበውን እንደተሠራ አድርጎ የሚያሳይ አምሳያ ሰሙ የተዛባ ቅኔ ነውና፣ በዚያ ደብር መምህር ፊት ቢቀርብ «አልሞላም» ተብሎ ይመለሳል።